ከመፅሀፉ ጀርባ የቀረ ስም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ ላይብረሪ ናቸው፣ ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም ግን ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ስለዚ የሌሎቻችሁን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ዛሬ በነዚህ ብቻ ልቆይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው የምሰራው። ዘንድሮ መፅሀፎቹን ኮምፒውተር ላይ እያስገባን ስለሆነ ከየመፅሀፉ ጀርባ ካለው ኪስ የድሮ ካርዶቹን እያወጣሁ ካርቶን ውስጥ አጠራቀምኩ፣ 3 ካርቶን ሞላ። አንዳንዱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተፃፈበት ነው። እውነቱን ልናገርና ስራ መስራት አቃተኝ፣ ቁጭ ብዬ ስም ሳነብ ነው የምውለው። የአንዱን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለቀቅኩት፣ ሰው በጣም ወደደው፣ "የኔስ ስም የለም ወይ" የሚለው በዛ። በማግስቱ ግን አንዲት የድሮ ተማሪ ኢንቦክስ መጥታ "እህቴ በናትሽ አጥፊው" አለችኝ፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፣ አጠፋሁት። አሁን ደሞ ርእሰ መምህሩ ካርቶኖቹ በኪሎ ይሸጡ እያሉ ነው። ምን ላድርግ? ጥፋትስ ሰርቼ ይሆን? (የላይብረሪ ሰራተኛዋ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ። ምክንያቷን ሳትጠይቂ ማጥፋትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ "ለምን?" ብሎ ያስጨንቃል፣ አንቺ ግን አላስጨነቅሻትም።

ካርዶቹን ቁጭ ብለሽ ስታነቢ መዋልሽም አይገርመኝም፣ እኔም ያው ነኝ። ቤቴ አንዲት ካርድ አለችኝ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አሮጌ መፅሀፍ ሲያስወግድ የላይብረሪው ሽማግሌ "ያንተ ስም ስላለበት ነው" ብለው የሰጡኝ ናት። መዳፍ የምታክል፣ ዳሯ በላብ የጠቆረ ወፈር ያለች ወረቀት፣ 4 አምድ ተሰምሮባታል፣ ስም፣ ክፍል፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። የኔ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተፅፏል፣ ቀኑ ላይ የሀምራዊ ማህተም ቀለም በአውራ ጣት ተዳምጦ ተጨማልቋል፣ ጣቱ የኔ ይሁን የሽማግሌው አላውቅም። ከኔ ስም 2 መስመር ከፍ ብሎ ደሞ በአረንጓዴ ቀለም የፊዚክስ መምህራችን ስም አለ፣ 2 ጊዜ። መፅሀፉ የግጥም መፅሀፍ ነው! እኚህ ሰውዬ ክፍል ሲገቡ ዝምታው ራሱ የሚያስፈራ፣ አርፍዶ የመጣ ልጅ የጦሳ ተራራ ብርድ እስኪያንዘፈዝፈው ውጪ የሚያቆሙ ሰው ነበሩ። ግጥሙን ወስደው መልሰው፣ ከ1 ወር በኋላ ደግመው እንደወሰዱት ሳይ ከዛ ቀን ጀምሮ በሌላ አይን ነው ያየኋቸው። ላይብረሪ ውስጥ የሚገኝ እንደዚህ አይነት ደስታ ኮምፒውተር ላይ የለም፣ ይሄን ልክድሽ አልችልም።

ግን ይኸው የካርድ አሰራር ሌላም ነገር አሳይቶኛል። 9ኛ ክፍል ሆነን አንድ መምህር የተመለሱ መፅሀፎች ሲቆጥር ስለ እርግዝናና ወሊድ የሚያወራ መፅሀፍ እጁ ገባ፣ ካርዱን መዘዘና የመጨረሻውን ስም ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጅቷ ከኋላዬ ነበር የምትቀመጠው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ስቄአለሁ። በኋላ ነው የሰማሁት፣ መፅሀፉን የወሰደችው ገጠር ላገባች እህቷ ልታነብላት ነበር፣ እህቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ፈርታ ነበር፣ ማንበብ ደሞ አትችልም። ልጅቷ ከዛ በኋላ ላይብረሪ ስትገባ አይቻት አላውቅም። እና ያቺ ኢንቦክስ የመጣችሽ ሴትዮ ምክንያቷን ባትነግርሽም የኔ ሆድ ያውቀዋል።

ስለዚ ካርዱ የሚጣፍጠውም የሚያቆስለውም በአንድ ነገር ነው፣ በሰው ስም። መምህሬ ግጥም እንደሚወዱ ለኔ ሊነግሩኝ አላሰቡም፣ ካርዱ ነው የነገረኝ። ደግነቱ ያነበብኩት ወድጄ ነው እንጂ ልሳለቅ አልነበረም፣ ግን ያ የኔ ፀባይ ነው እንጂ የካርዱ ጥበቃ አይደለም።

ይሄ አሰራር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል ብዬ አስባለሁ። እኛ ጋ የምናውቀው፣ ካርዱ ከመፅሀፉ ጋር እየኖረ ስም በስም ላይ የሚደራረብበት፣ አሜሪካ ውስጥ ኒውአርክ በምትባል ከተማ ላይብረሪ ስም የሚጠራ ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1900 አካባቢ ነው የተስፋፋው። መፅሀፉ ሲወጣ ካርዱ ላይ የወሳጁ ቁጥር ወይም ስም ይፃፍና ካርዱ ጠረጴዛው ጋ ይቀራል፣ ሲመለስ ወደ ኪሱ ይገባል፣ ስሙ ግን እዛው ይኖራል። በዛው ዘመን ኒና ብራውን የምትባል አሜሪካዊት የላይብረሪ ባለሙያ ሌላ ዘዴ አውጥታ ነበር፣ እንግሊዝ አገር ለብዙ አስርት አመታት የተሰራበት እሱ ነው። በሷ ዘዴ ምንም አይፃፍም። ለአንባቢው ስሙ ያለባት ትንሽ የኪስ ቲኬት ይሰጠዋል፣ መፅሀፍ ሲወስድ የመፅሀፉ ካርድ እዛች ኪስ ውስጥ ይሰካና በመመለሻ ቀኑ ተራ ሳጥን ውስጥ ይቆማል፣ ሲመልስ ካርዱ ተመዞ ወደ መፅሀፉ፣ ቲኬቷ ወደ አንባቢው፣ አለቀ። መፅሀፉ ማን ጋ እንዳለ ላይብረሪው ያውቃል፣ ከተመለሰ በኋላ ግን የሚቀር ነገር የለም። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ የሚረሳ ካርድ ከ100 አመት በፊት ተፈልስፎ ነበር ማለት እኮ ነው፣ እኛ ግን የደረሰን የማይረሳው ነው።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው የማይረሳ ካርድ ምን እንደሚያመጣ ያዩት በ1970 ነው (በነሱ አቆጣጠር)። የመንግስት የገቢ መስሪያ ቤት ሰዎች ሚልዋኪ ከተማ ላይብረሪ ሄደው ስለ ፈንጂ የሚያወሩ መፅሀፎችን ማን እንደተዋሰ እንይ አሉ። የላይብረሪ ማህበራቸው በ1939 የስነ ምግባር ደንቡ ላይ የአንባቢ ምስጢር ይጠበቅ ብሎ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ግን በ1971 መዝገቡ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም እንዳይሰጥ የሚል ፖሊሲ አወጣ፣ ዛሬ ከ50ው ግዛት 48ቱ የላይብረሪ መዝገብን የሚጠብቅ ህግ አላቸው።

ወደኛ ስንመጣ ደሞ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1969 እና 70 በቀይ ሽብር ጊዜ አንዳንድ መፅሀፍ ቤት ውስጥ መገኘቱ ራሱ ሊያስገድል ይችል ስለነበር ሰው መፅሀፉን አቃጠለ፣ ቀበረ። አክስቴ ላስቲክ ጠቅልላ ጓሮ የቀበረቻቸውን መፅሀፎች ስታወጣ ምስጥ ጨርሷቸው እንዳገኘቻቸው እስክትሞት ድረስ ታወራ ነበር። ያን ጊዜ "ይሄን መፅሀፍ እነማን አነበቡት" የሚል ካርድ መጥፎ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። ካርዶችሽ ከ1970ዎቹ ይጀምራሉ ብለሻል፣ እዛ ላይ ያሉት ስሞች የዛን ጊዜ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ስም መፃፍ በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የኛ ወሎ የመፅሀፍ አገር ነው። ሀይቅ እስጢፋኖስ ሄደሽ ከሆነ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ያቆሙበት ቦታ ነው፣ ለገዳሙ ያሰሩት ወንጌል ስማቸውን ይዞ እስከዛሬ አለ። በብራና መፅሀፎች መጨረሻ ላይ ደሞ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" ብሎ የሚጀምር፣ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ስልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይፃፋል፣ የዛን ጊዜ የላይብረሪ ጥበቃ በይው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች፣ በነጃማ ንጉስ፣ በነጌታ፣ በነዳና ሸሆች እጅ የቆዩት ኪታቦች ጋ ስትሄጂ ደሞ ወቅፍ ተብሎ፣ ለአላህ ብሎ የሰጠው ሰው ይፃፋል። እዚህ ሁሉ ላይ ስም አለ። ግን ስሙ የሰጪው ነው፣ የአሰሪው ነው፣ ራሱ ፈቅዶ "በፀሎት አስቡኝ፣ ዱአ አድርጉልኝ" ብሎ ያስፃፈው ነው። የአንቺ ካርዶች ላይ ያለው ልጅ ግን ስሙን የፃፈው መፅሀፉን ይዞ ለመሄድ ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልሽው። መጀመሪያ በኪሎ አይሸጡ። ይሄን ለርእሰ መምህሩ በትህትና ንገሪልኝ፣ በኪሎ የተሸጠ ወረቀት ሰኞ ገበያ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ስም ያለበት ወረቀት በየሰው እጅ ይዞራል። ህግም አለ፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 26 የግል ህይወትን ይጠብቃል፣ በ2016 ደሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ የአዋጁ መንፈስ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ ይዋል ነው። ካርዱ የተፃፈው መፅሀፍ እንዲመለስ ነው፣ መፅሀፉ ደሞ ተመልሷል።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ማቆየት አይጠበቅብሽም። ከየካርዱ የመፅሀፉን ርእስ፣ ስንት ጊዜ እንደወጣና በየትኛው አመት እንደሆነ ደብተር ላይ ገልብጪ፣ ስም ሳትፅፊ። ይሄ ራሱ ታሪክ ነው፣ በየትኛው አመት ልጆች ምን እንዳነበቡ ያሳያል፣ ማንንም አይነካም። ከዛ ቆንጆ ቆንጆዎቹን፣ ማህተም የበዛባቸውን፣ እስከ ጀርባቸው የተፃፈባቸውን ምረጪና አስቀሪ፣ የቀረውን ቀዳድዳችሁ አስወግዱ። ያስቀረሻቸውን ላሚኔት እንዳታደርጊ! ሙቀቱና ሙጫው አንዴ ከያዘው አይለቅም፣ ስኮችም እያደር ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። አግራፍ ካለ አውጪው፣ ይዝጋል። የደሴ ጭጋግና እርጥበት ስላለ ካርቶኑን ከመሬትና ከግድግዳ አርቀሽ መደርደሪያ ላይ አድርጊው።

ፖስት ማድረግ ከፈለግሽ ደሞ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ስሙ ላይ ወረቀት አስቀምጪ። ካነሳሽ በኋላ ስልክ ላይ ባለው ቀለም አትቀቢው፣ አንዳንዱ ቀለም ስስ ስለሆነ ብርሃን ሲጨመርበት ከስሩ ያለው ይነበባል። ክፍሉንም ሸፍኚ፣ "11ኛ ሲ" እና አመቱ ከታየ የክፍል ጓደኞቿ በአንድ ደቂቃ ያውቋታል። ቀኖቹና ማህተሙ ብቻቸውን በቂ ውበት አላቸው፣ ሞክሪውና ታይዋለሽ።

"የኔስ ስም" ላሉሽ ሰዎች ደሞ በር ክፈቺላቸው። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልታችሁ የድሮ ተማሪ ይምጣ በሏቸው፣ የመጣው ስሙን ራሱ ይፈልግ፣ ያገኘው ካርዱን ይዞ ፎቶ መነሳት ከፈለገ ይነሳ፣ የሌላውን ስም ግን አንቺ በወረቀት ሸፍነሽ ስጪው። ስሙን የሚገልጠው ባለቤቱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ላይብረሪ ነው የሚውለው፣ መጥፎ ነገር ያነባል ማለቴ አይደለም ግን ዝምተኛ እየሆነብኝ ነው። ላይብረሪ ሄጄ እዛ የምትሰራዋን ልጅ ምን ምን እንደሚወስድ ንገሪኝ ብላት "አባቴ ይቅርታ፣ እሱን ራሱን ይጠይቁት" አለችኝ። እኔ አባቱ እኮ ነኝ። መብት የለኝም?

መልስ፦ አባታችን፣ የተጨነቁት ስለሚወዱት ነው፣ ይሄ ይገባኛል። ልጅቷም ግን ልክ ነች፣ በክብር ነው የመለሰችልዎት። የአፍሪካ የህፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር አንቀፅ 10 የልጅን የግል ህይወት ይጠብቃል፣ እዛው አንቀፅ ላይ ደሞ ወላጅ ተገቢውን ክትትል የማድረግ መብት አለው ይላል፣ ስለዚ እርስዎም ባዶ እጅዎን አይደሉም። ክትትሉ ግን በላይብረሪ ሰራተኛ በኩል ሲሆን ልጁ ይሸሻል፣ ላይብረሪ ትቶ ስልክ ላይ ፒዲኤፍ ማንበብ ይጀምራል፣ እዛ ደሞ እርስዎም እሷም አታዩትም።

መፅሀፍ ጠፍቶ ወይ ተቀዶ እዳ ቢመጣ ከፋዩ እርስዎ ነዎትና ያኔ ይነገርዎታል፣ ክሊራንስ የሚያስከለክልም ነገር ካለ እንደዛው። ለተቀረው አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ለራስዎ ካርድ ያውጡ። "አንድ የወደድከውን መፅሀፍ ምረጥልኝ" ይበሉት። እሱ የመረጠልዎትን አንብበው ማታ እራት ላይ ስለሱ ቢያወሩ ዝምታው ከየት እንደመጣ ከካርዱ ይልቅ እሱ ራሱ ይነግርዎታል ብዬ አምናለሁ። ዝምታው ከበረታ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳው ግን የመፅሀፍ ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔ ወልድያ የምማር ተማሪ ነኝ። አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ሆኗል፣ ስሜን ከኔ በኋላ የሚወስደው ሰው አያየውም። ታዲያ የካርዱ ችግር ተፈታ ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ ግማሹ ተፈታ። ከጎንህ ያለው ልጅ አያይህም፣ እውነት ነው። ግን ካርዱ የሚያውቀው ስለ አንድ መፅሀፍ ነበር፣ የአንተን ሙሉ ንባብ ለማወቅ አንድ ሰው ሺህ መፅሀፍ መግለጥ ነበረበት። ኮምፒውተሩ ግን ስምህን ሲነኩት ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የወሰድከውን ሁሉ ባንድ ገፅ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚ ጥያቄው "ማን ያየዋል" ብቻ አይደለም፣ "እስከ መቼ ይቆያል" የሚለውም ነው።

ደስ የሚለው መፍትሄው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ኮሃ የሚባለው ሲስተም፣ በ2000 እንደ አውሮፓ ኒውዚላንድ ውስጥ ስራ የጀመረና በነፃ የሚወርድ፣ አገራችን ውስጥም የሚሰሩበት አሉ፣ አንባቢው ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርግ ነገር አለው። ታሪኬ ለሁልጊዜ ይቆይ፣ ወይ በላይብረሪው ደንብ ይሁን፣ ወይ እንደመለስኩ ይጥፋ ብለህ መምረጥ ትችላለህ፣ ላይብረሪው ካበራው ማለቴ ነው። የኒና ብራውን ቲኬት ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ነገ ሄደህ ላይብረሪያንህን "ይሄ ነገር በርቷል ወይ" ብለህ ጠይቅ፣ ካልበራ ጓደኞችህን ይዘህ ድገም። በነገራችን ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "ይሄ መፅሀፍ ያለው ሰው" ብለህ ስትጠይቅ ስምህና ጥያቄህ አባል ለሆነው ሁሉ እንደሚታይ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ሀይቅ ከተማ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ መፅሀፍ ገዝቼ ስገልጠው ካርዱ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ከላይ ያለው ስም የጎረቤታችን የሽማግሌው ስም ሆኖ አገኘሁት፣ ያኔ 12ኛ ክፍል ነበሩ ማለት ነው። ገርሞኝ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ላሳያቸው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ያሳዩዋቸው፣ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ። ሰርግ ላይ ወይ ለቅሶ ቤት ሰው ፊት አያውጡት፣ ልጆቻቸው ፊትም ቢሆን መጀመሪያ አይሁን። ፎቶ አያንሱት። ካርዷን ከነመፅሀፉ ይዘው ይሂዱና እጃቸው ላይ ያስቀምጡ፣ መነፅራቸውን እስኪፈልጉ ይጠብቁ። ከሳቸው ስም በታች የሌሎች ስምም ስላለ እሱን በጣትዎ ይሸፍኑት፣ ወይ ትንሽ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ምናልባት የዛን ጊዜ ጓደኛቸው ስም እዛ ይኖርና ራሳቸው ጣትዎን ገለጥ ያደርጉታል፣ ያ የሳቸው ፈንታ ነው። ያሉትን ቢፅፉልን ደስ ይለናል፣ ከፈቀዱ። ካልፈቀዱ ግን ለኛም አይፃፉልን።